የቮልስ ፍሪሲዮን ፔዳል መልሶ መግጠም፦ የገመዱ ቀለበት ከመንጠቆው እየወረደ አስቸግሮኛል

ባለ ቮልስ 69

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ቮልስ አለኝ፤ ሞተሩ 1300 ነው። ወለሉን ዝገት በልቶት ስለ ነበር ክረምቱ ሳይገባ በብየዳ አሠራሁት። ቮልስ ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው ዝገቱ የሚጀምረው ከኋላ መቀመጫ ሥር ካለው የባትሪ ቦታ ነው፤ የሚንጠባጠበው አሲድ ብረቱን በስቶት ይወጣል። የእኔው ግን በሾፌሩ እግር ሥርም ተበልቶ ስለ ነበር በያጁ ፔዳሎቹን በሙሉ አውጥቶ ነው የሠራው።

ወለሉ በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ ቀለምም ተቀብቷል። ፔዳሎቹ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ተመለሱልኝ። መኪናዬን በደንብ ማወቅ ስለምፈልግ ራሴ ልገጥማቸው ወስኛለሁ። ፔዳሎቹን የተሸከመው ብረት በወለሉ መካከል ከፊት ወደ ኋላ ከሚያልፈው የብረት ቦይ ጎን ላይ በሁለት ብሎኖች ይታሠራል፤ እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ያስቸገረኝ የፍሪሲዮኑ (ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ክፍል) ገመድ ነው። የገመዱን ቀለበት መንጠቆው ላይ አስገብቼ ፔዳሎቹን ወደ ቦታቸው ስገፋ ቀለበቱ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ብሎኖች ከታሠሩ በኋላ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ያን ጊዜ እንደገና ሁሉንም መፍታት ነው።

ቀለበቱ እንዳይወርድ ምን ይደረጋል? ከኋላ ያለውን የገመዱን ማስተካከያ ዳዶ የማጠብቀው አስቀድሜ ነው ወይስ በመጨረሻ? ፔዳሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይህስ እንዲሁ ይተዋል? የምሠራው ብቻዬን ነው።

ቅዳሜ ጋራዥ

ወንድሜ፣ ገመዱ አሮጌው ነው ወይስ አዲስ? ወለሉ ሲበየድ ገመዱ ቦዩ ውስጥ እንዳለ ከነበረ አውጥተህ በደንብ እየው። የብየዳ ብልጭታ ጥቂት ክሮቹን ቢነካ እንኳ ዛሬ የገጠምኸው ገመድ መንገድ ላይ ይበጠሳል። ጣትህን በጨርቅ ጠቅልለህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሰው፤ የተበጠሰ ክር ጨርቁን ይይዘዋል።

ከጎፋ

ልጄ፣ ራስህ ልትሠራው መነሣትህ ደስ ብሎኛል። በቮልስ ላይ ያደግሁ መካኒክ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ አሠራሩን ተረዳው፤ ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚወርድ ማንም ሳይነግርህ ይገባሃል። የፍሪሲዮኑ ፔዳል አግድም በሆነ ዘንግ ላይ ተተክሏል። የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ጫፍ ላይ አንድ መንጠቆ አለ። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘንጉ ይዞርና መንጠቆው ገመዱን ወደ ፊት ይስባል። ገመዱ በቦዩ ውስጥ በቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ካምቢዮው (ወደ ማርሽ ሳጥኑ) ይሄዳል፤ እዚያም በግራ በኩል ያለውን ክንድ ይስባል። መንጠቆው ክፍት ነው። ቀለበቱን የሚቆልፍ ፒን የለም፣ ክዳንም የለም። ቀለበቱን በቦታው የሚያቆየው የገመዱ ውጥረት ብቻ ነው። ውጥረቱ ለቅጽበት ከላላ ቀለበቱ ይንሸራተታል። መኪናው በሰላም ሲነዳ የማይወርደው ከኋላ ያለው የክንዱ ሞላ ገመዱን ሁልጊዜ ስለሚስበው ነው።

ስለዚህ ሥራው በሙሉ አንድ ነገር ነው፤ ቀለበቱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ የኋላው ዳዶ እስኪስተካከል ድረስ ገመዱ እንዳይላላ መጠበቅ። ፔዳሉ በትንሹ ወደ ፊት ሲገፋ ገመዱ ይወጠራል፤ ወደ መቀመጫው ሲሳብ ይላላል። ብዙ ሰው ፔዳሎቹን ሲያስገባ እንዲመቸው የፍሪሲዮኑን ፔዳል ወደ ራሱ ይስባል። ቀለበቱ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የግራውን የኋላ ጎማ አውጣ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተይዞ ከሥሩ እንዳትገባ፤ በጠንካራ ማቆሚያ ወይም በወፍራም የእንጨት ጉማጅ ደግፈው፣ የፊት ጎማዎቹንም በድንጋይ አግድ። ከካምቢዮው ክንድ ላይ ያለውን ባለ ክንፍ ዳዶ ፈጽሞ ሳታወጣው እስከ ጫፉ ድረስ አላላው። ይህ ከፊት በኩል ቀለበቱን ለማስገባት የሚበቃ ገመድ ይሰጥሃል። ከዚያ ወደ ፊት ሂድና ቀለበቱን ከቦዩ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሳበው። መንጠቆውን ግራሶ ቀባው። ቀለበቱ ሳይጣመም ቀጥ ብሎ መንጠቆው ላይ ይቀመጥ፤ ተጣሞ ከገባ ለጊዜው የያዘ ይመስልና በመጀመሪያው ርግጫ ይወጣል። የፍሪሲዮኑን ፔዳል በግራ እጅህ በቀስታ ወደ ፊት እየገፋህ፣ ፔዳሎቹን በቀኝህ ወደ ቦዩ አስጠጋ። በዚያው የፍሬኑን መግፊያ ዘንግ ከፍሬን ፔዳሉ ጋር አገናኘው። ሁለቱን ብሎኖች በእጅ ጀምራቸው፤ ሁለቱም ክሩን ከያዙ በኋላ በቁልፍ አጥብቅ።

ብቻህን ስለ ሆንህ ከመቀመጫው እግር እስከ ፍሪሲዮኑ ፔዳል የሚደርስ ቀላል በትር አዘጋጅ። ብሎኖቹ እንደታሠሩ በትሩን በመካከል አስገባና ፔዳሉን በትንሹ ወደ ፊት ገፍቶ ይያዝልህ። ከዚያ ወደ ኋላ ሂድና ዳዶውን አጥብቅ። ገመዱ ሲወጠር ፔዳሉ ራሱ በትሩን ሲገፋው ታያለህ፤ ያን ጊዜ በትሩን አውጣው። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱ አይወርድም።

ስለ መወዛወዙ የምትጠይቀው ግን እንዲሁ አይተውም። ፔዳሉን ገና ሳትገጥም መንጠቆው ምን እንደሚመስል ንገረኝ።

ባለ ቮልስ 69

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ነው የገባኝ። ፔዳሉን ወደ ራሴ እየሳብሁ ነበር የማስገባው፤ መቀመጫውን ስላላወጣሁ የምሠራው ጎንበስ ብዬ ነው።

መንጠቆውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ አየሁት። ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ከውፍረቱ በግምት ሲሦው ሄዷል። ፔዳሉንና ዘንጉን የሚያያይዘው ፒን ደግሞ በእጅ ሲነቀነቅ ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ የሚዞርበት ቦኮላ ላይም ትንሽ ክፍተት አለ። ገመዱን ቅዳሜ ጋራዥ እንዳለው አውጥቼ ዳበስሁት፤ ደህና ነው።

ብየዳ ቤት 4

በያጅ ነኝ። ይህን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። መንጠቆውን ሞልተህ በየደው፣ ከዚያ በሞረድ ቅርጹን መልስ። ፔዳሉንም ከዘንጉ ጋር በአንድ ነጥብ ያዘውና መወዛወዙ ያበቃል። በዚህ መንገድ የሠራኋቸው ቮልሶች ዛሬም ይነዳሉ።

የአዳማዋ

ብየዳ ቤት 4፣ ሙያህን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱን ልናገር።

ፔዳሉን ከዘንጉ ጋር መበየድ ዛሬ መወዛወዙን ያቆማል። ነገር ግን ዘንጉ ከተሸካሚው ብረት የሚወጣው ፔዳሉ ከላዩ ሲነሣ ነው። ከተበየደ በኋላ ቦኮላውን መቀየር አይቻልም፣ ዘንጉን አውጥቶ ግራሶ መቀባትም አይቻልም። ቦኮላው ደግሞ አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ እየሰፋ ይሄዳል፣ ዘንጉ ያዘነብላል፣ መንጠቆውም አብሮ ያዘነብላል። ያዘነበለ መንጠቆ ቀለበቱን በአንድ ጎኑ ብቻ ይይዛል። መልሶ መውረድ የሚጀምረው በዚህ ነው።

የፒኑ ጉዳይ ቀላል ነው። አሮጌውን ፒን በመዶሻና በቀጭን ብረት መትቶ ማውጣት ነው። ቀዳዳው ክብ እንደ ሆነ ካለ ተመሳሳይ መጠን ያለው አዲስ ፒን ይገባበታል። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ፔዳሉንና ዘንጉን በአንድ ላይ ይዞ በትክክል በትንሹ ማስፋትና ወፈር ያለ ፒን ማስገባት ይገባል። የቶርኖ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል። በፒኑ ፋንታ ተራ ብሎን ማስገባት የለመዱ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። የብሎኑ ክር ራሱ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

መንጠቆው ከሲሦ በላይ ካልተበላ ሞልቶ መበየድ ይቻላል፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ ከብየዳው በኋላ ውሃ ውስጥ አይነከር፤ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ተሰባሪ ይሆናል፤ መንጠቆው ቢሰበር ደግሞ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ ፍሪሲዮን አጥተህ መገናኛ መሃል ትቆማለህ። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ የሚያርፍበት ቦታ ያለ ምንም ሸካራነት ለስልሶ መሞረድ አለበት። ሸካራ ብየዳ ቀለበቱን በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል።

ምርጫው የእኔ ቢሆን ኖሮ ግን ሶማሌ ተራ ሄጄ መንጠቆው ጤነኛ የሆነ ሙሉ ዘንግ እፈልግ ነበር። የተፈታቱ ቮልሶች ክፍሎች ዛሬም እዚያ ይገኛሉ። ስትገዛ ዘንጉን ከቦኮላው ጋር አስገብተህ አዙረው፤ መንጠቆውን በጣትህ ዳብሰው፤ የፒኑን ቀዳዳ በብርሃን እየው። ይህን ሁሉ አይተህ እስክትጨርስ ድረስ አትቸኩል።

ብየዳ ቤት 4

ስለ ቦኮላው ያልሽው እውነት ነው እህቴ። ፔዳሉን መበየዱን ትቼዋለሁ። መንጠቆውን ግን በትክክለኛ የብየዳ ዘንግ ከሠራሁት አይሰበርም፤ በዚህ እጸናለሁ።

ላዳ ነጂ

ውይይቱን ስላቋረጥሁ ይቅርታ። የእኔ መኪና ላዳ 2106 ነው፤ ከዚህ በፊት በታክሲነት ሠርቷል። ፔዳሉ ይወዛወዛል፣ ስረግጠው ይጮሃል፣ ማርሽ ሲገባም ይጋጫል። የዚህ አሠራር ለላዳም ይሆናል?

የአዳማዋ

አይሆንም፤ የላዳ ነገር ሌላ ነው። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደ መኪና ነው፤ ፋብሪካው በቶሊያቲ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ሲጀምር ይዞት የተነሣው አሠራር ነው እስከ 2106 የቀጠለው። ገመድ የለውም፤ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ፔዳሎቹም ከወለሉ አይነሡም፤ ከላይ ተንጠልጥለዋል፤ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ፔዳሎች በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው።

የሚጮኸውና የሚወዛወዘው በፔዳሉ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ቦኮላዎች ስላለቁ ነው። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ዘንጉን ስታወጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይራቸው። ሞላዎቹን ከማውጣትህ በፊት እንዴት እንደተቀመጡ በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ ጠንካራ ስለ ሆኑም ፊትህን ከአቅጣጫቸው አርቅ።

የማርሹ መጋጨት ከፔዳሉ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ የዘይቱን መጠን እይ፤ የሚገባበት የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከጎደለ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ፤ ፔዳሉ በላይ በኩል ያለው ትንሹ ሲሊንደር ወይም ካምቢዮው ላይ ያለው ይሆናል። አየር ከገባበት ይውጣ። ከዚያ ታችኛው ሲሊንደር ዘንግ ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነፃ እንቅስቃሴ እንዲኖረው አስተካክል፤ ይህ ፔዳሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይሰማል። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚያበላሽ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ እጠበው። ከዚህ ለሚያልፈው ለላዳ ሌላ ውይይት ክፈት፤ በደስታ እመልስልሃለሁ።

ደሴ መንገድ

የባለ ቮልስ 69 ጥያቄ ወደ እኔም መጣ። የእኔ ቀለበት አይወርድም፣ ፔዳሉ ግን እንደ ድንጋይ ከብዷል። ባለ ክንፍ ዳዶውን ባስተካከልሁ ቁጥር ከጥቂት ቀን በኋላ ይዛባል። ስረግጠው ከወለሉ ውስጥ የብረት ድምፅ ይሰማል። መካኒኮች የፍሪሲዮኑ ሸራ (ከሞተሩ ጋር የሚጣበቀው ሳህን) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ ብለውኛል።

ከጎፋ

ሞተር እንዳታወርድ። ቢያንስ አሁን አይደለም።

አንተ የገለጽኸው ነገር በዕድሜ የገፉ ቮልሶችን ሁሉ የሚያጋጥም ነው፤ ከዚህ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ስለ ሆነም በሰፊው ልመልስልህ። ገመዱ በቦዩ ውስጥ የሚያልፍበት ቀጭን የብረት ቱቦ አለ ብያለሁ። ያ ቱቦ በቦዩ ውስጥ በብየዳ ነጥብ ተይዟል። ከጊዜ ብዛት፣ በተለይ ገመዱ ግራሶ ሳያገኝ ለዓመታት ከሠራ፣ የብየዳው ነጥብ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ስትረግጥ ገመዱ ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ቱቦውም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ይታጠፋል፣ ከቦዩ ጎን ጋር ይጋጫል። ድምፁ ከዚያ ነው። ክብደቱም ከዚያ ነው። ያስተካከልኸው ልክ የማይቆየውም ቱቦው ቦታውን ስለሚቀያይር ነው።

እንዴት ታረጋግጣለህ? ፔዳሎቹ በሚታሠሩበት በኩል ባለው ቀዳዳ የእጅ ባትሪ አብራና የቱቦውን የፊት ጫፍ ፈልግ። ሌላ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይርገጥልህ። ገመዱ እየተሳበ ቱቦው ቀጥ ብሎ ከቆመ ጤነኛ ነው። ቱቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ብየዳው ተነቅሏል። የማርሽ ዘንጉን አንሥተህ በዚያ ቀዳዳ በኩልም ማየት ትችላለህ።

ጥገናው ቦዩ ላይ ከቱቦው ትይዩ ትንሽ መስኮት ቆርጦ፣ ቱቦውን ወደ ቦታው መልሶ መበየድና መስኮቱን መዝጋት ነው። ሲበየድ ገመዱ ይውጣ። በዚያው ቦይ ውስጥ የቤንዚን ቱቦም ያልፋል! ይህን ሳያስብ ችቦ የሚያነሣ በያጅ ካለ መኪናህን ይዘህ ሂድ። ታንኩ ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ፤ ቤንዚኑ የሚሄደው በእግርህ ሥር ነው። ታንኩ ይውጣ፣ ቱቦው ይነፋ፣ ከዚያ ይሠራ።

ሸራው ያለቀ እንደ ሆነ ምልክቱ ሌላ ነው። ሽቅብ ስትወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ያን ጊዜ ሞተር ማውረድ ተገቢ ነው።

ብየዳ ቤት 4

ጋሼ ስለ ቤንዚኑ የተናገሩት በወርቅ ቀለም ይጻፍ። ባለፈው ውይይት ላይ የቦዩን ብየዳ የጠየቃችሁኝ ሁሉ ይህን አንብቡ። ባትሪውንም ፍቱ፤ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፣ የመቀመጫው ሞላና ሙሊት ከላዩ ነው የሚያርፉት።

ከሜሪላንድ

ሰላም ወገኖች። እዚህ እኔም አንድ ቮልስ አለኝ፤ ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ያየሁትን ዓይነት ነው የገዛሁት። ስለ መለዋወጫ ትንሽ ልጨምር። ቮልስ በጀርመን ብቻ ሳይሆን በብራዚልና በሜክሲኮም ለረጅም ዘመን ተሠርቷል፤ የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፑኤብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ስለዚህ አዲስ ገመድ፣ ቦኮላ፣ ፒን፣ ሙሉ የፔዳል ዘንግም ዛሬ ይሠራል፣ ይሸጣል።

የምመክራችሁ ገመድ ስታዘዙ የሞዴሉን ዓመት ብቻ አትናገሩ፤ የገመዱ ርዝመት በየዘመኑ ተለውጧል። አገር ውስጥ ያሉ ብዙ መኪናዎች ደግሞ ካምቢዮአቸው ወይም ሞተራቸው ከሌላ ዓመት መኪና የመጣ ነው። አሮጌውን ገመድ አውጥታችሁ ከቀለበቱ መካከል እስከ ክሩ ጫፍ ለኩት፤ ልኩን ከነፎቶው ላኩ። እኔ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሳገኝ ገመዶችን ልኬ አውቃለሁ፤ ተጠቅልሎ ሻንጣ ጥግ የሚገባ ነገር ነው። ርካሽ ከሚባሉት ተጠንቀቁ፤ ቀለበታቸው ከገመዱ የሚያያዝበት ቦታ ይንሸራተታል።

ባለ ቮልስ 69

ተመልሻለሁ። የአዳማዋ እንዳለችው ሶማሌ ተራ ሄጄ መንጠቆው ያልተበላ ዘንግ አገኘሁ። ቦኮላውና ፒኑ አዲስ ናቸው። ዘንጉን በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ግራሶ ቀብቼ ገጠምሁት። በትሩ እንደተባለው ሠራ፤ ዳዶውን ሳጠብቅ ፔዳሉ ራሱ ተነሣ። ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው።

አሁን መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ማርሽም ያለ ግጭት ይገባል። አንድ የቀረ ነገር አለ። ከቆመበት ሲነሣ፣ በተለይ ሽቅብ ላይ አንደኛ ማርሽ ሲያዝ፣ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ከተንቀሳቀሰ በኋላ ደህና ነው። ወለሉ ከመሠራቱ በፊት ይህ ነገር አልነበረም።

የአዳማዋ

እንኳን ደስ አለህ! መንቀጥቀጡ ከዚህ በፊት ካልነበረ መጀመሪያ የሚታየው ከኋላ ያለው ጎባጣ ቱቦ ነው። ገመዱ ከቦዩ ሲወጣ ካምቢዮው ጋ እስኪደርስ ድረስ በተጣጣፊ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ይህ ቱቦ ቀጥ ማለት የለበትም፤ ወደ ታች መጎበጥ አለበት። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለ ተቀመጡ ስትነሣ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ጉብጠቱ ያንን እንቅስቃሴ ይውጠዋል። ቱቦው ቀጥ ካለ ግን ሞተሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ገመዱ ፍሪሲዮኑን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። የሚያንቀጠቅጥህ ይህ ነው።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ቀጥ ያለ ነገር አስጠግተህ የጉብጠቱን ጥልቀት ለካ። ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካነሰ ቱቦው ካምቢዮው ላይ በሚቆምበት ጫፍ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ዝርግ ክብ ብረት) እየጨመርህ ጉብጠቱን ታሳድገዋለህ። ምናልባት ሥራው ሲሠራ ወድቀው የቀሩ ሮንዴላዎች ይኖራሉ፤ ከረጢቱን ፈትሽ። ሮንዴላ ስትጨምር የፔዳሉ ልቅነት ስለሚቀንስ ባለ ክንፍ ዳዶውን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከጎፋ

ትክክል ብላለች። እኔ የምጨምረው ስለ ልቅነቱ ነው፤ ብዙዎች የሚበድሉት እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉን በእጅህ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ክብደት እስኪሰማህ ድረስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነፃ መሄድ አለበት። ከዚያ ካነሰ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል፣ ያልቃል፤ ሸራውም መንሸራተት ይጀምራል። ከበዛ ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለቅም፣ ማርሽ ይጋጫል። ፔዳሉ ቶሎ እንዲይዝልኝ ብሎ ልቅነቱን ፈጽሞ የሚያጠፋ ሰው ኩሽኔታውን በገዛ እጁ ያቃጥለዋል፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሞተር መውረድ አለበት።

ባለ ክንፍ ዳዶውን ስታዞር የገመዱን ጫፍ በፒንሳ ያዘው፤ ካልያዝኸው ገመዱ ቱቦው ውስጥ ይጠመዘዛል። ክሩን ግን እንዳትነክስ፤ የምትይዘው ክር የሌለበትን ቦታ ነው። ዳዶው ሁለት እብጠቶች አሉት፤ እነሱ በክንዱ ጎድጓዳ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ካልተቀመጡ ዳዶው በመንገድ ይላላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ፍሪሲዮኑን ርገጥ፤ ትንሽ ቆይተህ የኋላ ማርሽ አስገባ። የኋላ ማርሽ ራሱን የሚያመሳስልበት ነገር ስለሌለው እውነቱን ይናገራል። ያለ ድምፅ ከገባ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ይለቃል።

አሁን ደግሞ ማንም ስላልጠየቀው ነገር፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፔዳሎቹን ስታወጣ የፍሬኑንም ፔዳል ነው ያወጣኸው። የፍሬን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚያርፍበት ሳህን ወለሉ ላይ አለ፤ ቦታው በብሎን ይስተካከላል። ወለልህ አዲስ ስለ ሆነ ሳህኑ በትክክል በቦታው ላይሆን ይችላል። ፔዳሉ አርፎ ሳለ በመግፊያው ዘንግና በዋናው የፍሬን ሲሊንደር ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከሌለ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ ያቅተዋል፤ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀርና እየሄድህ ጎማዎችህ ይግላሉ። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ ነው የምታውቀው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይቷል። ዛሬውኑ ለካው። የመግፊያው ዘንግ ፒን መያዣው መግባቱንም በዓይንህ እይ።

ባለ ቮልስ 69

ሁለቱንም ለካሁ። ጉብጠቱ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አልነበረም፤ ሮንዴላዎቹ ከከረጢቱ ሥር ተገኝተዋል። ከጨመርኋቸው በኋላ 30 ሆኗል፤ የፔዳሉን ልቅነት ደግሞ 15 ላይ አድርጌዋለሁ። መንቀጥቀጡ ጠፍቷል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ነድቼ ሞክሬዋለሁ፤ በለስላሳው ይነሣል።

የፍሬኑ ሳህን ግን ጋሼ እንደ ፈሩት ነው። ፔዳሉ አርፎ ሳለ ዘንጉ ፒስተኑን ይነካው ነበር። ሳህኑን ወደ ኋላ አንሸራትቼ ክፍተቱን ሰጠሁት። ከተነዳ በኋላ አራቱንም ጎማዎች በእጄ ዳበስሁ፤ ሁሉም እኩል ለብ ያሉ ናቸው። የኋላ ማርሽም ያለ ድምፅ ይገባል።

ደሴ መንገድ

የእኔም ቱቦ ተነቅሎ ተገኝቷል፤ ጫፉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ታንኩ ወጥቶ ብየዳው ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ገመዱንም በዚያው ልቀይረው ነው። ከሜሪላንድ፣ ልኩን በግል መልእክት ልኬልሃለሁ።

የአዳማዋ

ደሴ መንገድ፣ አዲሱን ገመድ ከማስገባትህ በፊት ሙሉውን ግራሶ ቀባው፤ ቱቦው ከተበየደ በኋላም ውስጡን በሽቦ ጠርገው፤ የብየዳ ቅርፊት ሊገባበት ይችላል። አዲስ ገመድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይለጠጣል። ስለዚህ ሁለታችሁም ልቅነቱን ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ለኩ፤ ባለ ቮልስ 69፣ የአንተ ገመድ አሮጌ ቢሆንም ቦኮላውና ፒኑ አዲስ ስለ ሆኑ ቦታቸውን ሲይዙ ልኩ ይቀየራል። የፔዳሎቹን ሁለት ብሎኖችም በዚያው ቀን አጥብቃቸው፤ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የታሠረ ብሎን ቀለሙ ሲጫን ይላላል።